ከኪንግስውድ ሞተር የጎደሉት ሦስት ጥርሶች

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ሊያሳየኝ መጣ። «እስቲ ኮፋኖውን ክፈተው» አልኩት፤ መቼም የአርባ ዓመት አመል ነው። ከፈተው። ውስጡ ባዶ! የገበያ ዘንቢል የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ፕላስቲክ ብቻ። «ሞተሩስ?» ስለው፣ «ማለቴ፣ ጋሼ፣ ሞተር የምትለው ዓይነት የለውም፤ በቃ ታች ያለ ትንሽ ነገር ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ዝም። ተነስቷል ወይስ ጠፍቷል? አላወቅኩም። እሱ ይስቃል፣ እኔ ባዶ ኮፋኖ ውስጥ አፈጥጣለሁ። ጋራዣችን ከተዘጋ ስድስት ወር አልፎት ነበር፤ ጡረታ መውጣቴ ግን የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ስሜ ተካልኝ ነው፣ ሜካኒክ ነበርኩ። ለገሃር በባቡሩ ወርክሾፕ ብረት በመሞረድ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞረድኩ፤ ምን እንደምሞርድ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ካዛንቺስ ጋሽ ሸምሱ ጋራዥ ገባሁ። መሀል ላይ ስታዲየም አካባቢ ለአንድ መሥሪያ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚያ አንዲት ካንዴላ ለመቀየር ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ስለነበር ከመፍቻ ይልቅ እስክሪብቶ የያዝኩበት ቀን ይበዛል። ደመወዙን አልናገርም፣ ልጆቼ ይስቁብኛል። አለቃዬ ደግሞ የመኪና ሽታ ራሴን ያመኛል የሚል ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው የመኪና ክፍል ላይ ማን እንደሾመው እስካሁን አላውቅም። ትቼው ወደ ጋሽ ሸምሱ ተመለስኩ፤ ጋራዡ እስኪፈርስም ከዚያ አልወጣሁም።

ጋሽ ሸምሱ የቡታጅራ ሰው ነው። አጭር፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲቆጣ እንኳ የማይጮህ። አላህ ይማረው፣ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሁለት አመል ነበረው። አንደኛው፣ ኮፋኖ ተከፍቶ መኪና ማማት አይፈቅድም። «ይቺ ቆሻሻ መኪና» የሚል ደንበኛ ካለ መጀመሪያ ኮፋኖውን ይዘጋና «አሁን ተናገር» ይለዋል። ስቆ እንደሆነ ፊቱን አይቼ ለማወቅ ስንት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም።

ሁለተኛው አመሉ ግን ቀልድ አልነበረበትም። የተሰበረ ዕቃ ከሞተር ሲወጣ ስብርባሪውን ሁሉ ለቅሞ ቢጫ ጨርቅ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ እንደ ተሰበረ ስኒ ይገጣጥመዋል። ቅንጣት ከጎደለች ሞተሩ አይዘጋም። «የጎደለው የት ሄደ? ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ሳይሞላ አይዘጋም» ይላል። ደንበኛው ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ ወይ ፍንክች! የጎደለው ፈጽሞ ካልተገኘ ደግሞ የተሰበረውን ዕቃ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አይጣልም። ይህን ሥርዓት ከየት እንዳመጣው ጠይቄው፣ «ከሥራ» ብሎኝ አለፈ።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ካዛንቺስ ውስጥ ሁለት የአውስትራሊያ የቤት መኪኖች ነበሩ። አንዷ ቢጫ ኪንግስውድ፣ የእትዬ ብርሃኔ። እትዬ ብርሃኔ የደሴ ሴት ናቸው፤ በአንድ የውጭ ድርጅት ጸሐፊ ነበሩ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት። አውስትራሊያዊው አለቃቸው አገሩ ሲገባ መኪናዋን ለእሳቸው ሸጠላቸው፤ አንድ ሳጥን መለዋወጫም መረቀላቸው። ሌላኛዋ ነጭ ፋልከን፣ የነጋሽ። ነጋሽ ለገሃር ጎማ የሚሸጥ እኩያዬ ነው፣ ፋልከኗንም ከጨረታ ነው ያነሳት። ሁለቱም መሪያቸው በስተቀኝ ስለነበር ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም መንገድ አይታየውም። በግራ የተቀመጠ ሰው ነው አንገቱን አውጥቶ «ነፃ ነው፣ ሂድ!» የሚለው። እትዬ ብርሃኔ ብቻቸውን ሲነዱ ማንንም አይቀድሙም ነበር፤ ከአህያ ጋሪ ኋላ ተሰልፈው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ሁለቱ ጋራዣችን በር ላይ ከተገናኙ ሥራ ቆመ ማለት ነው። ክርክሩ የሞተር ነው። የሁለቱም መኪኖች ሞተር ስድስት ፒስተን በአንድ ረድፍ ነው፤ ባዳ ሰው አይለያቸውም። ልዩነቱ ፊት ለፊት ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ሲወርድ ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱ የሚያደርግ ማያያዣ አለ። ፋልከን ላይ ይህ ማያያዣ የብረት ሰንሰለት ነው፣ እኛ ካቴና የምንለው። ኪንግስውድ ላይ ግን ሁለት ባለጥርስ ክቦች ናቸው፣ ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው የሚዞሩ። ትልቁ ክብ ከምን የተሠራ ይመስላችኋል? ከጨርቅ! ጨርቅ በሙጫ ታሽቶና ተጠቅጥቆ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ሳየው ጋሽ ሸምሱ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ድምፅ እንዳይኖረው ነው አለኝ፤ ብረት ከብረት ሲናከስ ይጮሃላ።

«ጨርቅ ሻሽ ይሆናል እንጂ ሞተር አይሆንም!» ይላል ነጋሽ።

«ካቴና ደግሞ ለሌባ ነው የሚሠራው» ይላሉ እትዬ ብርሃኔ፣ «ጠዋት ስታስነሳት እኮ ሰፈሩ ሁሉ ቆርቆሮ የወደቀ መስሎት ይወጣል። የእኔዋን ሰምተሃት ታውቃለህ?»

«ስለማትነሳ ነው!»

ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ። «ተካልኝ፣ አንተ ፍረድ!» እኔ ምን ልፍረድ? የፋልከን ካቴና ሲረግብ ይንኳኳል እንጂ ሳይናገር አይበጠስም። ግን የአየር መግቢያው ከሞተሩ ክዳን ከቴስታው ጋር አንድ ላይ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ብትፈታው ለብቻህ አታነሳውም። ኪንግስውድ ለሠራተኛ ምቹ ናት፣ ሁሉ ነገር እጅህ ይገባል፤ የጨርቁ ጥርስ ግን ሳይናገር ይሄዳል። ዳገት ላይ ፋልከን ትበልጣለች፣ ዝምታ ላይ ኪንግስውድ። አንዱን ዕለት ለነጋሽ ፈርጄ በማግስቱ ለእትዬ ብርሃኔ እፈርዳለሁ። ጋሽ ሸምሱን ፍረድ ሲሉት ኮፋኖውን እያየ «እየሰማች ነው» ይልና ወደ ውስጥ ይገባል።

ይህ ክርክር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ ሳምንት ተፈረደ። ፈራጁም እኔ ነበርኩ፤ ማንም ሳያውቅ።

ማክሰኞ ቀን ኪንግስውዷ ዑራኤል አጠገብ ቀጥ አለች። ገፍተን አመጣናት፣ ከፈትኳት። የጨርቁ ክብ ሦስት ጥርሱ ረግፏል። ጋሽ ሸምሱ ለአረፋ አገሩ ገብቷል፤ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ረቡዕ እትዬ ብርሃኔ እየሮጡ መጡ። እናታቸው ደሴ ታመዋል፣ ድረሺ ተብለዋል። አለቃቸው የተወላቸውን ሳጥን ከቤት አስመጡ። ሳጥኑ ሁለት ክብ የሚይዝ ነው፤ አንዱ ቦታ ባዶ ነው፣ በሁለተኛው አዲስ ነጣ ያለ ክብ ተቀምጧል። እሰየው ብዬ ያዝኩት። ባዶው ቦታ ለምን ባዶ ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ ገጠምኩት። የወጣውን ክብ ቢጫው ጨርቅ ላይ አስቀምጬ የረገፉትን ጥርሶች ፈለግኩ። የሉም። የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ወደ ታች፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ገንዳ ውስጥ ወድቀዋል። እዚያ ደግሞ ዘይቱ የሚሳብበት ወንፊት አለ። ገንዳውን ለማውረድ ሞተሩ ከመቀመጫው መነሳት አለበት፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እትዬ ብርሃኔ አግዳሚው ላይ ነጠላቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል። «ተካልኝ፣ እናቴ እኮ አትጠብቀኝም» አሉኝ። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ዘጋሁት። ሦስት ጥርስ ጎድሎ ዘጋሁት! አዘንኩላቸው፣ ቸኮልኩ፣ ደግሞም ምን ይሆናል አልኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ እንደ ወትሮው ድምፅ የለውም። መርቀውኝ ሄዱ።

ጣርማበር ሳይደርሱ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ነከሰ። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት አጣ፣ ብረት ከብረት ተያያዘ፣ በቃ። በዚያ ብርድና ጉም መንገድ ዳር ቆመው አውቶቡስ ጠበቁ። በማግስቱ ደሴ ሲደርሱ እናታቸው በዚያው ጠዋት ተቀብረው ነበር።

መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጣች። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፤ ነጋሽ ሐዘኑን ተናግሮ ሲያበቃ አፉን መያዝ አቃተውና «እኔ እኮ ብያለሁ፣ ጨርቅ ጨርቅ ነው» አለ። ሰዉም አዎ አለ። ካዛንቺስ ሁሉ የኪንግስውድ ሞተር የማይረባ ነው ብሎ ፈረደ። እኔ እዚያው ቆሜአለሁ፣ እጄ ዘይት ነክቷል። አልተናገርኩም። ወንድ ልጅ እንዲህ ዝም ይላል? ዝም አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ከአረፋ ሲመለስ ግን ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ስንት ጎደለ?»

«ሦስት።»

አልተቆጣም። ወጥቶ የቆመችው ኪንግስውድ ውስጥ ገባና እስከ ማታ ድረስ ብቻውን ተቀመጠ። በማግስቱ እትዬ ብርሃኔን ጠርቶ «ልጄ፣ አይከፈት። አይረባሽም፣ ተዪው» አላቸው። እኔ ግራ ገባኝ። ሁሉን የሚከፍት ሰው፣ ሳይሞላ አይዘጋም የሚል ሰው፣ አይከፈት አለ! እኔን ሊሸፍነኝ ነው ብዬ አሰብኩ። የተሰበረውን ክብ ራሱ በቆርቆሮ አድርጎ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የእትዬ ብርሃኔ እናት ሙት ዓመት ሲደርስ ስኳር ይዞ ቤታቸው ይሄዳል፣ እስኪሞት ድረስ አንድ ዓመት አላስታጎለም። በእኔ ጥፋት እሱ ካሣ ሲክስ ሳየው አፈርኩ፤ ግን አሁንም አልተናገርኩም።

እትዬ ብርሃኔ ሌላ መኪና አልገዙም። ኪንግስውዷን ጓሮ አስገብተው ቆርቆሮ አለበሷት። ክርክሩም ቀረ። ነጋሽ ሲያሾፍባቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፣ እኒያ ምላሳቸው ስለት የነበረ ሴትዮ።

እንግዲህ ካዛንቺስ ፈረሰች አይደል? ጋራዡም ሄደ። እትዬ ብርሃኔም ራቅ ያለ ቦታ ቤት ተሰጣቸውና ደወሉልኝ። «ተካልኝ፣ ሰኞ ቁራሌው ይወስዳታል። መጥተህ ተሰናበታት። ነጋሽንም ንገረው።»

ቅዳሜ ሄድን። ነጋሽ በከዘራ ነው የሚሄደው አሁን። ጎረቤት የሚባል ቤት የለም፣ የእሳቸው ግቢ ብቻ በፍርስራሽ መሀል ቆማለች። ቆርቆሮውን አነሳን፤ ዶሮ የኋላ ወንበሩ ላይ ጎጆዋን ሠርታለች። እትዬ ብርሃኔ ኮፋኖውን በእጃቸው ዳበሱት።

«እናቴ የምታውቂውን መኪና ግዢ ብላኝ ነበር» አሉ። «ቀለሟን ወድጄ ይቺን ገዛሁ። እናቴን ሳልሰማት ቀርቼ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። የግትርነቴ ዋጋ ነው፣ ምን እላለሁ።»

ነጋሽ መሬት መሬት አየ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት በመኪናዋ ያዘኑ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በራሳቸው ላይ ፈርደው ነው የኖሩት!

«እትዬ፣ መኪናዋ ምንም አላጠፋችም። እርስዎም አላጠፉም። እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሦስቱን ጥርስ፣ ገንዳውን፣ ወንፊቱን፣ ዝምታዬን።

በዚህ ጊዜ ደማቸው ፈላ። «ሠላሳ ዓመት? በየፋሲካው ማዕዴ ላይ እየተቀመጥክ? ይሄ ነጋሽ ሲስቅብኝ እያየህ? አንተ ሰው አይደለህም!»

«ልክ ነዎት።»

«ዛሬስ እውነትህን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ልታጽናናኝ ብትዋሽስ?»

ቆርቆሮውን ይዤ ነበር የሄድኩት። ለምን ይዤ እንደሄድኩ እንኳ ልነግራችሁ አልችልም። «እንክፈታት» አልኩ።

ከሚያፈርሱት ሠራተኞች አራቱን ለመንን፤ አሮጌ ጎማ አንጥፈው ኪንግስውዷን በጎኗ አጋደሙልን። ለቁራሌ የምትሄድ መኪና፣ እንግዲህ ምን ትሆናለች። አብዛኛው ብሎን ዝጓል፣ እጄም እንደ ድሮው አይታዘዝም። ነጋሽ ከዘራውን ጥሎ መፍቻ ያቀብለኛል። ከቀትር በኋላ ገንዳው ወጣ፣ የረጋ ጥቁር ዘይት እንደ ተልባ ተዝለገለገ። ወንፊቱን አገኘሁት፤ ተደፍኗል።

እትዬ ብርሃኔ የራሳቸውን ንጹሕ ፎጣ አነጠፉልኝ። ከቆርቆሮው ክቡን አወጣሁ፣ ነጣ ያለ፣ ሦስት ጥርስ የጎደለው። ከወንፊቱ የለቀምኩትን በቤንዚን እያጠብኩ ፎጣው ላይ ደረደርኩ። አንድ፣ ነጭ፤ ቦታው ላይ ልክ ገባ። ሁለት። ሦስት። ሞላ! እትዬ ብርሃኔ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እውነት ነዋ» አሉ። «እሷ አይደለችማ።» አለቀሱ።

«ቆይ» አለ ነጋሽ። «ገና አለ።»

አለ። አራተኛ አወጣሁ። አምስተኛ። ስድስተኛ። ሰባተኛ። አራቱ ግን ነጭ አይደሉም፤ ቡናማ ናቸው፣ ጠርዛቸው ሟሙቷል። የዚህ ክብ ጥርሶች አይደሉም።

«ሦስት ነበር ያልከው» አለ ነጋሽ። «ይሄ ሰባት ነው።»

እኔ ፎጣውን አያለሁ። እትዬ ብርሃኔ ናቸው ያስታወሱት። «አለቃዬ ሚስተሩ አገሩ በሚገባበት ሰሞን» አሉ ቀስ ብለው፣ «አራት ቀን ጋሽ ሸምሱ ጋ ቆማ ነበር። ምን ሆነች ስለው ጥርሷን አሟት ነበር ብሎኝ ስቄአለሁ። ሚስተሩ ለአውሮፕላን ቸኩሎ እያጣደፈው ነበር።»

የሳጥኑ ባዶ ቦታ ትዝ አለኝ። ከእኔ በፊት ሌላ ቡናማ ክብ ረግፎ፣ ይህ ነጣ ያለው ከሳጥኑ ወጥቶ ተተክቶበት ነበር። የቀየረው ጋሽ ሸምሱ ነው፣ እኔ መሥሪያ ቤቱ በነበርኩበት ጊዜ፤ ገንዳውንም አላወረደም። እሱም ቸኩሎ ዘጋው። ቢጫው ጨርቅ፣ ሳይሞላ አይዘጋም፣ በመኪናዋ ውስጥ ያ ሁሉ መቀመጥ፣ አይከፈት፣ ስኳሩ... ለእኔ ሲል ነው ብዬ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እና ማነው?» አሉ እትዬ ብርሃኔ። «አንተ ነህ ወይስ እሱ?»

ምን ልበላቸው? አራቱ ብቻቸውን ስንት ዓመት ምንም ሳያደርጉ ኖሩ። ሦስቱ ባይጨመሩ ወንፊቱ አይደፈንም ነበር ይሆናል። አራቱ ባይኖሩ ሦስቱ ብቻቸውን አይደፍኑት ይሆናል።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አልኩ። «እስከ ዛሬ ጠዋት የእኔ ነበር።»

«እኔም የእኔ ነው እያልኩ ነበር» አሉ። ደግሞም «እሱም የእኔ ነው እያለ ሞተ» አሉ። ሦስታችን በአንድ ሰፈር፣ በየጠዋቱ እንደምን አደራችሁ እየተባባልን።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሰባቱን ጥርስ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «በል ዝጋት» አሉኝ። «ክፍቷን አትሂድ።»

ዘጋኋት። ሰኞ ለምትቆራረጥ መኪና እያንዳንዱን ብሎን በተራው አጠበቅኩ። ሠራተኞቹ መልሰው በጎማዋ አቆሟት። ነጋሽ ከዘራውን አንስቶ ወደ ኮፋኖው ጠጋ አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥሩ ሞተር ነበር» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ምን አልክ?» አሉ እትዬ ብርሃኔ። «ስታማት እንዲህ ነበር ድምፅህ? ሰፈሩ በሰማው ልክ ተናገር!»

ነጋሽ ወደ መንገዱ ዞረ። ሱቆቹ የሉም፣ ጋራዡ የለም፣ ያን ቀን ተሰብስቦ የፈረደው ሰው የትም ተበትኗል። «ጥሩ ሞተር ነበር!» ብሎ ጮኸ። ፍርስራሹ ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች ቀና ብለው አዩን።

«እንደገና» አሉት እትዬ ብርሃኔ።